የደም ሰጪው ስም

ጥፋት ሠርቶ «አዝኜላት እኮ ነው» የሚል ሰው አልወድም። ይህን የምለው ሰውየው እኔ ስለሆንኩ ነው። የምተርከው ስለ ኡሙሰልማ ነው፤ ነገር ግን ከታሪኳ መሀል ተሰንቅሬ ስለተገኘሁ ማንነቴን አስቀድሜ ልናገር። እንየው እባላለሁ። ደሴ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ያጠፋሁት እኔ እንጂ ቤቱ አይደለም። ሥራዬ ደም፣ ሽንትና ሰገራ መመርመር ነበር። ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈሬ ልጆች «ዶክተር ሰገራ» ይሉኝ ነበር፤ ስድብ መስሏቸው ነው እንጂ ከተሰጠኝ ማዕረግ ሁሉ እሱ ይሻል ነበር።

ኡሙሰልማ የሐርቡ ልጅ ናት። አባቷ ማሽላ አራሽ ናቸው። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ኩታበር ለሚኖር ሀምዱ ለሚባል ገበሬ ተዳረች። ከሐርቡ ሙቀት ወጥታ ደጋ ስትገባ የመጀመሪያውን ክረምት ሁለት ጋቢ ደርባ እሳት ዳር እንዳሳለፈችው፣ የባሏ ዘመዶችም «ሀምዱ ሚስት ሳይሆን ማገዶ ፈጅ ነው ያመጣው» እያሉ እንደቀለዱባት የነገረችኝ ራሷ ናት። አምስት ወልዳ አራቱን ቀበረች። የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ በሺር። ስሙን ስትጠራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ዓይን እንዳይበላው ብላ ይመስለኛል።

ሀምዱ የአገሩ የቅሬ ዳኛ ነበር። ቅሬ የሞተውን ይቀብራል፤ የታመመውንም በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ተሸካሚ ሲጠራ ያልወጣ ሰው የእሱ ቀን ሲመጣ ደጁ ላይ ሰው አያገኝም። ሀምዱ በዚህ ሕግ ቀልድ አያውቅም። እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ወዳጅ ይሁን ባላንጣ፣ ቃሬዛ ሲነሣ የመጀመሪያው ትከሻ የእሱ ነው። በአንድ አጥር አብሮት የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ዘይኑልአቢዲን ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ዘይኑልአቢዲን ቅቤ አንጓች ነው። ሸክም ሲመጣ ጫማው ይጠፋበታል፤ ሸክሙ ሲራገፍ ላቡን እየጠረገ ከፊት ይገኛል።

በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሀምዱ አውድማው መሀል ሆዱን ይዞ ወደቀ። መጀመሪያ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሸተቱት፤ ቀጥለው ፌጦ አጠጡት። በማግስቱ ጠዋት ከንፈሩ ነጥቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ላቡ ቀዝቅዞ አገኙት። ዐሥራ ሁለት የቅሬ ሰዎች አራት አራት እየሆኑ ትከሻ እየተቀያየሩ ተሸክመው ወደ ደሴ አመጡት። ኡሙሰልማ ከኋላ ከኋላ የእሱን ጫማ በእጇ ይዛ መጣች። ለምን እንደያዘችው በኋላ ስጠይቃት «ሲመለስ በባዶ እግሩ ሊሄድ ነው?» አለችኝ።

ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ብሩ ሆዱን ዳሰሱና መርፌ ወጉት። መርፌው ውስጥ የገባው ደም ነበር። «ማነው የመታው?» አሉ ተሸካሚዎቹን እያዩ። ማንም አልመታውም። በሬ አልወጋው፣ ከገደል አልተንከባለለ፣ ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ዶክተሩ ግራ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውስጥ ውስጡን እየፈሰሰ ነው፤ መክፈት አለብኝ» አሉኝ። «ደም አምጣልኝ፣ እንየው። ያለ ደም ብከፍተው ጠረጴዛው ላይ ይሞታል።»

በዚያ ዘመን ደም የተቀመጠበት መጋዘን የለንም። ደም የሚገኘው ከበሽተኛው ዘመድ ክንድ ነው። እኔም መዝገብና እስክሪብቶ ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁና ተሸካሚዎቹን ሁሉ «በተራ ቁሙ! ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት!» አልኳቸው። ይኸው የመጀመሪያው ቂልነቴ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ገና ስድስት ወሩ ነበር። ለውትድርና የሚመለመል ሰው ስሙን ያስመዘግባል፣ ይመዘናል፣ ደሙን ይታያል። ገበሬው ሁሉ «ደሙ የጠራለትን ወደ ሰሜን ይጭኑታል» እየተባባለ ነበር። እኔ ደግሞ ነጭ ካፖርት ለብሼ፣ መዝገብ ይዤ፣ ወንዶችን እያሰለፍኩ ዕድሜ እጠይቃለሁ።

መርፌና ጠርሙስ ላመጣ ገብቼ ስመለስ ግቢው ባዶ ነው። ቃሬዛው ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ኩታበርን ያህል መንገድ ሳይደክማቸው ተሸክመው የመጡ ዐሥራ ሁለት ጉልበታሞች አንድ ጠርሙስ ፈርተው ጠፉ። በሩ ላይ የቀረው ዘይኑልአቢዲን ብቻ ነበር። «አንተ ወንድሙ ነህ፣ ና» ስለው «ሽንቴን ሸንቼ ልምጣ ጌታው» አለኝ። የሄደበት ሽንት ቤት የት እንደሆነ እንጃ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተመለሰም።

«ከእኔ አይሆንም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኡሙሰልማ ናት። ጫማውን በብብቷ ይዛለች።

ጣቷን ወጋሁና አየሁ። እሷም ኦ፣ ሀምዱም ኦ። የሁለቱን ደም አደባልቄ ሳየው ተስማማ። ክብደቷ ደም ለመስጠት አይበቃም ነበር፤ መዝገቡ ላይ ግን ሃምሳ ኪሎ ብዬ ጻፍኩ። ለእርሷ ብዬ መዋሸት የጀመርኩት ከዚያ ላይ ነው። ክንዷን ዘርግታ እስክጨርስ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱአ ታደርጋለች። ጠርሙሱ ሲሞላ «ሌላስ አያስፈልግም?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ጠርሙስ ለእንዲያ ያለ በሽተኛ ምኑም አይደለም። ዶክተር ብሩ የቸገረው ሐኪም የሚያደርገውን አደረጉ። ሆዱን ከፍተው የተጠራቀመውን ደም እየቀዱ፣ በተቀቀለ የቁስል ሻሽ እያጠለሉ፣ በጠርሙስ መልሰው ለራሱ ሰጡት። የሚደማውን ሥር ሲያገኙ አስጠሩኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሜ እንደማላይ ገምተው ነው። ከጨጓራው ሥር የሚያልፍ የደም ቧንቧ እንደ ሙሰበሃ መቁጠሪያ ዶቃ እዚህ አበጥ እዚያ ቀጠን ብሎ ይታያል። ከዶቃዎቹ አንዱ ፈንድቷል። «የቧንቧው ግድግዳ ራሱ ነው የሚላላው» አሉኝ። «ከምት አይደለም፣ ከምግብ አይደለም፣ አይተላለፍም። በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።» ከላይና ከታች አስረው ዘጉት። ሌላ ዶቃ ሌላ ቀን ሊፈነዳ እንደሚችልም ነገሩኝ። ሀምዱ ግን ያን ቀን ተረፈ።

ዘይኑልአቢዲን ወንድሙ መትረፉን በር ላይ ሰምቶ ነው ብቅ ያለው። ኡሙሰልማ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰጠኋትን ሻይ ይዛለች። ደሙን የሰጠችው እሷ መሆኗን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። ከተናገረው አንዲት ቃል አላመለጠችኝም፤ በመስኮት እሰማ ነበር።

«ያ ረቢ! አንቺ ምን አደረግሽ? አንድ ጡት የተጣቡ ልጆች ወንድምና እህት አይደሉም? ኒካህ አይታሰርላቸውም አይደለም? ደም ደግሞ ከወተት ይከብዳል እንጂ ይቀላል? ደምሽ ደሙ ውስጥ ገባ፤ አሁን አንቺ እህቱ ነሽ። ኒካሁ ፈረሰ እኮ!»

ኡሙሰልማ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ኧረ በአላህ!» አለች። «ልጅ የወለድኩለትን?»

«ማንም አያውቅ፣ ማንም አይስማ። የሰጠሁት እኔ ነኝ በይ። እኔ ወንድሙ ነኝ፤ ቀድሞም አንድ ደም ነን። ሐራም የለበትም።»

ሲፈራ የነበረውን ሀፍረትና ሲመኘው የነበረውን ክብር በአንድ አረፍተ ነገር አስተካከለው። እሷ ደግሞ አመነችው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስለ ኒካህ የማውቀው ነገር የለም። ይሁንና መስጊዱ ከሆስፒታሉ በር ቅርብ ነው፤ አዛኑ መስኮቴን እያንኳኳ ነው የምሠራው። «እታለም፣ ሄደሽ ሸሁን ጠይቂ» ማለት ይሳነኛል? አላልኩም። ኡሙሰልማ ገብታ ሁለት እጄን ይዛ «ወንድማለም፣ በምታምነው ይዤሃለሁ፣ ስሜን አትጻፍ። ትዳሬን አታፍርስብኝ» አለችኝ። «የሰጪው ስም» የሚለው ዓምድ ገና ባዶ ነበር። አዘንኩላት። ደግ ሰው የሆንኩም መሰለኝ፤ ፈገግ እያልኩ «ዘይኑልአቢዲን» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚያመሰግነኝ በእሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከራሷ አፍ ነው።

ሀምዱ ድኖ አገሩ ሲገባ ወንድሙን «ደሜ» ብሎ መጥራት ጀመረ። ሸሽተው የነበሩት የቅሬ ሰዎችም የራሳቸውን ሽሽት ለመሸፈን ዘይኑልአቢዲንን አንድ ለእናቱ ጀግና አደረጉት። ሠርግ ቤት ከፊት ይቀመጣል። እጀታውን ሰብስቦ መርፌው የገባበትን ቦታ ለልጆች ያሳያል፤ የሚያሳየው የድሮ የፈንጣጣ ጠባሳ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ሀምዱ ከጎተራው ሥር የቀረችውን እፍኝ እህል ሳይቀር መጀመሪያ ለወንድሙ ቤት ያወጣ ነበር። ኡሙሰልማ ዝም ብላ ታያለች። ዝም ያለችው ለዘይኑልአቢዲን ብላ አይደለም። ከባሏ ጋር በሐራም የምትኖር መስሏት ሰኞና ሐሙስ እየጾመች፣ ሰግዳ እያለቀሰች፣ አላህን ይቅርታ ትለምን ነበር። በሠራችው ደግ ሥራ ከአራት ዓመት በላይ ንስሐ ገባች። ይህንን ስትነግረኝ የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ።

በ1979 ዓ.ም. ኅዳር የገበሬ ማኅበሩ ከእያንዳንዱ አጥር አንድ ወጣት ለውትድርና እንዲሰጥ አዘዘ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ አጥር ናቸውና ድርሻቸው አንድ ነው። ወይ የሀምዱ ልጅ በሺር፣ ወይ የዘይኑልአቢዲን ልጅ ሰይድ። ሰይድ በዕድሜ ይበልጣል፤ ወንድሞችም አሉት። በሺር ደግሞ ለእናቱ አንድ ነው። ነገሩ ማንም ሕፃን የሚፈርደው ነበር።

ዘይኑልአቢዲን ምንም አልለመነም። የቅቤ አንጓች ብልሃቱ ይኸው ነው። ወንድሙ ፊት ተቀምጦ «አላህ ያለው ይሆናል፤ ሰይድም ይሄዳል» እያለ ክንዱን ያሻሽ ጀመር። ሀምዱ ያቺን ክንድ አየና አልቻለም። «ነፍሴን የሰጠኝን ሰው ልጅ አልሰጥም» አለ። «በሺር ይሄዳል።»

ያኔ ኡሙሰልማ አፏን ከፈተች። ኒካሁም ይፍረስ፣ ሐራምም ይሁን፣ አገሩም ይስማ ብላ ለባሏ እውነቱን ነገረችው። «ደሙን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ወንድምህ ሸሽቷል። ዐሥራ ሁለቱም ሸሽተዋል።»

ሀምዱ አላመናትም። ለልጇ ስትል የማትለው የለም ብሎ አዘነላት፤ እሱም እንደ እኔ አዘነላት። ወንድሙን ጠርቶ ጠየቀው። ዘይኑልአቢዲን «ወላሂ» ብሎ ማለ። ማለቱ አልበቃውምና «ደሴ መዝገቡ አለ፤ የመንግሥት ወረቀት ነው። ሂድና አስነብብ» አለው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ያውቃላ!

ሀምዱ በእግሩ ደሴ ገባ። እኔ በዚያ ጊዜ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተዛውሬ ነበር። በእኔ ቦታ የነበረው በላቸው የሚባል ሥራውን የሚያከብር ልጅ ነው። የሦስት ዓመቱን መዝገብ ፈልጎ አገኘ፤ ጽሕፈቱ ጥሩ ስለሆነ ለማንበብ አልተቸገረም። «ደም ሰጪ፦ ዘይኑልአቢዲን» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበለት። ሀምዱ አመስግኖ ተመለሰ። ለኡሙሰልማ የነገራት አንዲት ቃል ናት፦ «ወረቀት ይዋሻል?»

በሺር «እናቴ፣ አባቴን አታስቸግሪው» ብሎ ሄደ። በዚያው ሰሞን እኔ ኮምቦልቻ ከጤና ጣቢያው ደጅ ቆሜ ከሐረጎ ተራራ ቁልቁል የሚወርዱትን የምልምል መኪኖች አይ ነበር። ልጆቹ እንደ ጆንያ ታጭቀው ይዘፍናሉ። እጄን አውለብልቤላቸዋለሁ። ከመካከላቸው አንዱ በእኔ እስክሪብቶ የተላከ መሆኑን ማን ነግሮኝ?

በ1980 ዓ.ም. ሚያዝያ ወደ ደሴ ተመለስኩ። በግንቦት አንድ ረፋድ ላይ የኩታበር ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ግቢያችን ገቡ። የተኛው ሰው ከንፈሩ ነጥቷል፣ ሆዱ ተነፍቷል። ዶክተር ብሩ ሆዱ ላይ ያለውን የራሳቸውን ስፌት ሲያዩ ስሙን ሳይጠይቁ አወቁት። «ሌላው ዶቃ ነው» አሉኝ። «ፍጠን፣ ደም!»

በዚህ ጊዜ የሸሸ አልነበረም። ሁሉም ዘይኑልአቢዲንን ከፊት እየገፉ አመጡት። «ደሙ የሚስማማው የእሱ ነው! ባለፈውም እሱ ነው ያዳነው!» ይላሉ። ሁለት ጎረምሶች በፍቅር ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘውታል፤ የሚሸናበት ቦታ እንኳ አልሰጡትም። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ ፊቱን ረስቼው ነበር። ዶክተሩ የድሮውን መዝገብ ገልጠው «ይኸው፣ ኦ ነው፣ ተስማምቶታል። ጊዜ የለንም፣ ቀጥታ ቅዳ» ብለው ሲያሳዩኝ ግን ጽሕፈቴን አወቅሁት።

ጣቱን ወጋሁ። ሁለቱን ደም መስታወት ላይ ሳደባልቅ እንደተበላሸ ወተት ጓጎለ። የዘይኑልአቢዲን ደም ቢ ነው። መዝገቡን አምኜ ብሰጠው ኖሮ ሀምዱን የሚገድለው የሆዱ ቧንቧ ሳይሆን የእኔ ቆንጆ ጽሕፈት ነበር።

«ዶክተር፣ መዝገቡ ውሸት ነው» አልኩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተር ብሩ ጮኸው የማያውቁ ሰው ናቸው። ያን ቀን ጮኹብኝ፤ የሰደቡኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ የሚገባኝ ነበር። ዘይኑልአቢዲን ወለሉን ያያል። የያዙት ጎረምሶች ክንዱን ለቀቁት።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ካለፉት አራት ክረምቶች በላይ ያረጀች፣ ዓይኗ የጎደጎደ። ወዲያው አወቀችኝ። «አንተ ነህ?» አለችኝ። «በሺርን ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም አልኳት። እዚያው ቆማ ነገረችኝ። ያኔ የነገረችኝ አጭሩን ነው፦ ልጁ ስለ ደሙ ተብሎ ተሰጠ፣ መዝገቡ ተነበበ፣ ሰሜን ከዘመተ ደብዳቤው ሁለት ጊዜ ብቻ መጣ፣ ከመጋቢት ወዲህ ጠፋ። አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጬ ልለምናት ቃጣኝ፤ ግን ጊዜ አልነበረም፤ ሰውየው እየሞተ ነው።

«እታለም» አልኳት፤ ለመጠየቅም አፈርኩ። «ደም…»

«እሰጣለሁ» አለች። «በመጀመሪያ ግን ማደንዘዣ ሳይወስድ ንገረው። እኔ ነግሬዋለሁ፤ አላመነኝም። አንተ ንገረው፤ አንተን ያምናል።»

ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ አልጋውን አስቆምኩት። ሀምዱ ነፍሱን ያውቃል፤ ዓይኑ ግን ደክሟል። ጎንበስ ብዬ «አቶ ሀምዱ፣ ባለፈው ደም የሰጠችዎ ባለቤትዎ ናት። ወንድምዎ ሸሽቶ ነበር። መዝገቡ ላይ የእሱን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ወረቀቱን አስነብቤዋለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ወረቀቱ የእኔ ውሸት ነው።»

ከዚያ ራሱን አዙሮ ኡሙሰልማን አያት። እጁን ልኮ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ። አልተጠጋችውም፣ አልነጠቀችውምም። «በሺርን…» ብሎ ጀመረና ተወው። «አትስጪኝ። ደምሽ ሐራሜ ነው። ተዪኝ ልሙት።»

«መሞትማ ላንተ ቀላል ነው» አለችው። «በሺር ሲመጣ አባቴ ለምን ሰጠኝ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ምን ብዬ ልመልስለት ነው? ቆይተህ አንተው መልስለት። ዝም ብለህ ተኛ።»

ክንዷን ራሷ ገልጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሥሯን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ዶክተር ብሩ አሁንም ከሆዱ የቀዱትን እያጠለሉ መለሱለት፤ በዚህ ጊዜ ጣፊያውን አወጡለት፣ ቧንቧውንም ከሥሩ አሰሩት። ሀምዱ ዳነ። እኔ ከባድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሲያንሰኝ ነው።

ኡሙሰልማ ባሏ ዓይኑን እስኪገልጥ ጠበቀች። ሲገልጥ ምግብ ያመጣችበትን ማሰሮ አንሥታ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐርቡ፣ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ወደ ኩታበር አልተመለሰችም።

ቅሬው ዘይኑልአቢዲንን ሊቀጣ ተሰበሰበ ይባላል። ነገር ግን ከተሰበሰቡት ሰዎች የሚበዙት በመጀመሪያው ጊዜ ከሆስፒታሉ ግቢ የሮጡት ናቸው። ማን ማንን ይቅጣ? ተያይተው ተበተኑ። ሰይድ አሁንም የአባቱን መሬት ያርሳል። ሀምዱ የቅሬ ዳኝነቱን ተወ። ቃሬዛ ሲነሣ ግን፣ ሐኪሙ ከባድ አታንሣ ስላሉት፣ ባዶ እጁን ከኋላ ይከተላል።

በሐምሌ ሀምዱ ወደ ሐርቡ ሽማግሌ ላከ። እኔም እንድመሰክር ለመነኝና አብሬ ሄድኩ። ሙቀቱ ያስጨንቃል። የኡሙሰልማ አባት ደጅ ከዋርካው ጥላ ተቀመጥን። እሷ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ ከአባቷ ጎን ናት። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ከደሴ ያመጣናቸው አንድ አዛውንት ሸህ ናቸው። ነገሩን ከእኔ አፍ ከሥር ከመሠረቱ ሰምተው ሲያበቁ ረጅም ሳቅ የመሰለ ትንፋሽ ተነፈሱ። ሳቅ አልነበረም።

«ልጄ» አሏት። «የሚያዛምደው ጡት ነው፤ ያውም ሕፃን ሳለ። የተሰጠ ደም አያዛምድም። ባልሽን በደምሽ ብታድኚ ለአኺራሽ ስንቅ ነው እንጂ ሐራም አይደለም። አንዲትም ቀን ሐራም ውስጥ አልነበርሽም። ኒካሁ እንዳለ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? እኔ የምቀመጥበት መስጊድና የአንተ መሥሪያ ቤት ይተያያሉ። ይህንን ለመጠየቅ ስንት እርምጃ ይፈጃል?»

ሀምዱ የሸሁን ቃል ሲሰማ ፊቱ በራ። ሁለት ወር ሙሉ ያስጨነቀው ነገር ከላዩ ወረደለት። «አልሀምዱሊላህ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። «ሰማሽ፣ ኡሙሰልማ? ኒካሁ አልፈረሰም። ተነሺ፣ ቤታችን እንግባ።» ሽማግሌዎቹም ለዱአ እጃቸውን ማንሣት ጀመሩ።

ኡሙሰልማ ነጠላዋን አስተካከለች። ሸሁን እንጂ ባሏን አላየችም። «ሸህ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው» አለች። «ያስጾመኝን ነገር ዛሬ አቀለሉልኝ። እውነት ነው፤ ኒካሁ በደሜ አልፈረሰም።»

ከዚያ ወደ ሀምዱ ዞረች።

«በልጄ ፈርሷል።»

ሸሁ ያነሡትን እጅ ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ መለሱት። ዱአ ሳይደረግ ተነሣን።